ለሲቨርት ልጅ የተከለከለው አትሮንስ

ክርር ይላል፤ ጥቂት ዝም ይልና እንደገና ክርር። ብረት እንጨት ሲፍቅ የሚያወጣው ድምፅ መሆኑ ገብቶኛል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አይታይም ነበር። የግንቦት ጭጋግ ከባሕር ተነሥቶ የግሮሶይ ደሴታችንን እንዳለች ውጧታል። እኔ ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ እንደማደርገው ብቻዬን በዳርቻው እዞራለሁ። ጀልባዎቹም ወፎቹም ጸጥ ብለው ስለ ነበር በዓለም ላይ የቀረው ያ ድምፅ ብቻ ይመስል ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሐሳቤ ሩቅ ይሄዳል። ምድር ገና ሳትፈጠር ምናልባት እንዲህ ነበረች እያልኩ ድምፁን ተከትዬ ዳገቱን ወጣሁ።

መጀመሪያ የጸሎት ቤቱ ነጭ ግድግዳ ታየኝ፤ ቀጥሎ መሰላል፤ በመሰላሉ ላይ የእናቴ አጎት አስላክ። መፋቂያ ይዘው አሮጌውን ቀለም ይልጡታል። ልጣጩ በትከሻቸውና በባርኔጣቸው ላይ ተበትኗል።

«አጎቴ፣ የቀለሙ ደቦ ቅዳሜ አይደለም እንዴ?»

«ቅዳሜ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ማክሰኞ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? እንጨቱም እኮ ርሷል።»

«መፋቅ ነው እንጂ መቀባት አይደለም። ቢርስስ ምን አገባው? መሰላሉን ያዝልኝና ዝም በል።»

መሰላሉን ያዝኩ። አጎት አስላክ የዱሮ ዓሣ አጥማጅ፣ የጸሎት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበርና በደሴቲቱ የሚከበሩ ሰው ናቸው። ቤቱን ያቆሙት አያቶቻቸው ድንጋዩን በጀርባቸው፣ ሳንቃውን በጀልባቸው አምጥተው ነው። እሳቸውም ሲከፋቸው ወይም አንድ ነገር ሲከነክናቸው ወደ ሰው ሳይሆን ወደዚህ ቤት መጥተው አንድ የሚጠገን ነገር ይፈልጋሉ። የዚያን ቀንም የከነከናቸው ነገር እንደ ነበረ ወዲያው ገባኝ፤ ምክንያቱም የሚፍቁት ቦታ አስቀድሞ የተፋቀ ነበር።

ብዙም ሳንቆይ ከጭጋጉ ውስጥ የዱሮ አስተማሪዬ ወይዘሮ ሄርዲስ በብብታቸው ፔርሙዝ ሸጉጠው ብቅ አሉ። ቤታቸው ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ነው። ከአጎት አስላክ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ፣ በአንድ ዓመት የቆረቡ፣ ዕድሜ ልካቸውን የተከራከሩ ጎረቤት ናቸው።

«አስላክ» አሉ፤ «ለዓርብ ምን ያህል የዋፍል ቂጣ እንደምጋግር ልጠይቅህ ነበር አመጣጤ። መንገድ ላይ ግን ሌላ ወሬ ሰማሁ። ሐሰት ነው በለኝና ተመልሼ ልሂድ።»

«ምን ሰማሽ?»

«ኢንጉን በአባቷ ቀብር አትናገርም አሉ።»

መፋቂያው ክርር አለ። «ኮሚቴው ወስኗል።»

«ኮሚቴው ማለት አንተና፣ አንተ ስትናገር አንገታቸውን የሚነቀንቁ ሁለት ሰዎች ናችሁ። ኮሚቴውን ተወውና አንተ ምን ትላለህ?»

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ መንገር ይገባኛል። ዓርብ የምንቀብረው ሲቨርትን ነበር። ሲቨርት የጸሎት ቤቱን ምድጃ ሲያቀጣጥል፣ በረዶውን ከደጁ ሲጠርግ የኖረ ዝምተኛ ሰው ነው። ከቀብር በኋላ ሕዝቡ ሁሉ በጸሎት ቤቱ ይሰበሰባል፤ ይበላል፤ ቡና ይጠጣል፤ ከዚያ የሟቹ ልጅ ተነሥቶ ከአትሮንሱ ጀርባ ይቆምና ስለ ወላጁ የመታሰቢያ ቃል ይናገራል። ሰካራም ልጅ ተናግሯል፤ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ የኖረ ልጅ ተናግሯል፤ ማንም ተከልክሎ አያውቅም። የሲቨርት ልጅ ኢንጉን ብቻ ነች። እሷም ከደሴቲቱ ወጥታ ተምራ የሰማይ አካላት ተመራማሪ ሆናለች። ኮሚቴው ግን በእሷ ፋንታ የአክስቷ ልጅ ስቱርላ እንዲናገር ወስኖ ነበር።

ስቱርላ ማነው? ይህን የሚጠይቅ በአገራችን በኖርዌይ የለም። በመንሸራተቻ በበረዶ ላይ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሻምፒዮን ነው። ምስሉ በሱቃችን፣ በትምህርት ቤታችንና በማመላለሻ ጀልባችን ውስጥ ተሰቅሏል። እግሩ ብርቱ ነው፤ ይህን አልክድም። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው እግሩ ስለ በረታ ብቻ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሰማይ አፈጣጠር እንዲነግረን ማይክራፎን እንሰጠዋለን፤ የነገረንንም እንቀበላለን። አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሰምቶ በሚያዝያ ወር በአንድ ሶፋ ላይ አስቀመጣቸው። ስቱርላ የእናቱን እጅ ሥራ ሹራብ ለብሶ፣ እየሳቀ፣ እንዲህ አለ፦ «ሳይንቲስቶች ሁሉም ነገር ከምንም ፈንድቶ መጣ ይሉናል። ፈጣሪን ለማባረር የተማማሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ብቻዬን ተራራ ላይ ከከዋክብት በታች ቆሜአለሁ፤ ለእኔ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።» አዳራሹ አጨበጨበ። ኢንጉን ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «ስቱርላ ተሳስቷል፤ እንዲያ አላልንም» አለች። ያን ጊዜ አዳራሹ ቀዘቀዘ። ደሴታችንም ከዚያች ቀን ጀምራ ቀዘቀዘችባት።

አሁን ወደ ግድግዳው ልመለስ።

«እኔ የምለው» አሉ አጎት አስላክ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እዚህ ደሴት ሰው ከሰው በላይ አይቆምም። አገር ሁሉ እያየ የአክስቷን ልጅ ተሳስተሃል አለችው። እሱ ሳቀ፤ እሷ እንኳ ፈገግ አላለችም። ሲቨርት እንዲህ አድርጎ አላሳደጋትም። ትዕቢት ነው።»

«ቆይ» አሉ ወይዘሮ ሄርዲስ። «ከሰው በላይ የቆመው ማነው? የዓለምን አፈጣጠር በሁለት ዐረፍተ ነገር የጨረሰው ነው ወይስ ዕድሜዋን ሙሉ ተምራ ይህን አውቃለሁ፣ ያንን አላውቅም ያለችው?»

«ስቱርላ ትሑት ልጅ ነው። ሹራቡን አላየሽም? እናቱ የሠራችለትን ነው የሚለብሰው።»

«ሹራቡ ትሑት ነው። እኔ የምጠይቅህ ስለ አፉ ነው።»

እኔ ሳቅኩ። አጎት አስላክ ከላይ ሆነው ስላዩኝ ሳቄን ዋጥኩት። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የእኛ ሕዝብ በሽታ ይህ ነው። ትዕቢትን በጣም እንጠላለን፤ ስለምንጠላውም መልኩን ብቻ አይተን እንፈርዳለን። የሚስቅ፣ ተራ ልብስ የለበሰ፣ ቋንቋው የእኛን የሚመስል ሰው የፈለገውን ቢያወራ ትሑት ነው እንላለን። ቃሏን መዝና፣ ሳትስቅ፣ ስሕተትን ስሕተት ያለች ሴት ግን ራሷን ከፍ አደረገች እንላለን። ሚዛናችን ሹራብ ይመዝናል፤ እውነትን ለመመዘን አልተሠራም።

«አጎቴ» አልኩ፤ «ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ከልክዬህ የማውቅ ይመስል። ጠይቅ።»

«ያለፈው ክረምት ስቱርላ የተሸነፈ ጊዜ፣ በዚሁ በጸሎት ቤት ቡና እየጠጣን ምን አሉ?»

«ምን አልኩ?»

«የበረዶውን ሙቀት የሚለካ፣ ለመንሸራተቻው የሚስማማውን ሰም የሚመርጥ ባለሙያ አለው፤ በዚያ ቀን ግን ባለሙያውን አልሰማም፤ እንደ ስሜቴ ልምረጥ አለና ዳገቱ ላይ ቀረ፤ ጅል ነው አላሉም?»

«ብያለሁ። ጅልም ነበር።»

«እንግዲያው በየቀኑ ለሚረግጠው በረዶ ባለሙያ መስማት ካስፈለገው፣ ረግጦት ለማያውቀው ሰማይ አያስፈልገውም?»

መፋቂያቸውን አቆሙ። «በረዶ በረዶ ነው፣ ልጄ። ሰማይ ግን የእግዚአብሔር ነው።»

«በረዶውስ የማን ሆነና ነው?» አሉ ወይዘሮ ሄርዲስ ፔርሙዙን እየከፈቱ።

አጎት አስላክ ያን ጊዜ ከመሰላሉ ወረዱ። ተሸንፈው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ነው የሚያስፈሩት።

«ሁለታችሁም ስሙኝ። የተማራችሁ ናችሁ፤ በነገር ታስቸግሩኛላችሁ። እኔ ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። ይህ ቤት ለምን ቆመ? ካባ የለበሰው ቄስ ለአያቶቻችን፣ እናንተ ዓሣ አጥማጆች ናችሁ፤ ስለ እግዚአብሔር የምናገር እኔ ነኝ፤ ተምሬበታለሁ፤ እናንተ ተቀምጣችሁ ስሙ አላቸው። እነሱ ደግሞ አንቀመጥም አሉ። ያልተማረ ሰው ተነሥቶ በልቡ ያለውን የሚመሰክርበት ቤት ሠሩ። አያቴ በዚህ የተነሣ በፖሊስ ተይዟል። አሁን ደግሞ የተማሩት በሌላ በር ገብተው፣ ሰማዩ የእኛ ነው፤ እናንተ ዝም በሉ ሊሉን ነው? ስቱርላ የተናገረው ለእኛ ነው። የእሱ አፍ ሲዘጋ የተዘጋው የእኔ አፍ ነው።»

ሰው የሚከራከረው ስለ ጉራው ብቻ ሲሆን መልስ ይገኝለታል። ይህ ግን የአያቶች ቁስል ነበር፤ ገና አልጠገገም። ከተማ ያሉ የተማሩ ሰዎች ይህን ቁስል ሳያዩ እንደ አጎት አስላክ ባሉ ሰዎች ላይ ሲስቁ እናደዳለሁ። ስቱርላን የመሰሉ ሰዎች ቁስሉን አይተው ለራሳቸው ጭብጨባ ሲጠቀሙበት ግን ይበልጥ እናደዳለሁ።

ወይዘሮ ሄርዲስ በፔርሙዙ ክዳን ቡና ቀድተው ለአጎት አስላክ ሰጡ። እስኪጠጡ ጠበቁ።

«ያልከው እውነት ነው» አሉ። «የእኔም አያት አብሮ ታስሯል። አሁን አንድ ነገር መልስልኝ። ስቱርላ፣ ተራራ ላይ ቆሜ እግዚአብሔር ተሰማኝ ቢል ይህ ምንድን ነው?»

«ምስክርነት ነው።»

«ኢንጉን በዚህ ነካችው?»

አጎት አስላክ አሰቡ። «በዚህ እንኳ አልነካችውም።»

«አልነካችውም። የራሱ ልብ ነው፤ ማንም ሊነካው አይገባም። ነገር ግን ሳይንቲስቶች እንዲህ አሉ፣ ፈጣሪን ለማባረር ተማማሉ ሲል ስለ ራሱ ልብ እየተናገረ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው?»

«ስለ ሌላ ሰው።»

«አይቷቸዋል? ሲማማሉ ነበረ? ያላሉትን አሉ ማለት አንተ በየእሑዱ በምታነበው መጽሐፍ ምን ይባላል?»

ክዳኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ፣ «በሐሰት መመስከር» አሉ።

«እኔ አልኩት? አንተ ነህ ያልከው።»

ጭጋጉ በመጠኑ ሳሳና የመቃብሩ ቦታ አጥር ታየ፤ የሲቨርት ጉድጓድ ገና አልተቆፈረም። አጎት አስላክ ወደዚያ ተመለከቱ፤ ቶሎም ዐይናቸውን መለሱ።

«ይሁን» አሉ። «ስቱርላ ይሳሳት። እሷስ? በኋላ ምን አለች? ሰማይ የምለካበት መሣሪያዬ እግዚአብሔር አለ ወይም የለም አይለኝም አለች። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ያለች ሴት በዚህ አትሮንስ ትቁም? ከዚያ ወዲያ ምን ልሰማ፤ አጠፋሁት።»

«አጠፉት?» አልኩ። «ከዚያ በኋላ ያለውን አላዩም?»

«ምን አለ ከዚያ በኋላ?»

ስልኬን አወጣሁ። ፕሮግራሙን ፈልጌ ከዚያች ቃል ጀምሬ ከፈትኩላቸው። ስልኩን ከዐይናቸው አርቀው ያዙት። በሶፋው ጫፍ ኡልሪከ የምትባል ዝነኛ ዘፋኝ ተቀምጣ ነበር። የኢንጉንን ቃል ስትሰማ አጨበጨበችና፣ «ይኸውላችሁ፤ ሳይንስ እግዚአብሔር እንደሌለ አረጋግጧል። አሁን የሚያምኑት አሮጊቶች ብቻ ናቸው» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ኢንጉን ግን አልሳቀችም። እንደ ቅድሙ ጠብቃ፣ በዚያው ድምፅ ተናገረች።

«አንቺም ተሳስተሻል። እንዲያ ያለ ነገር አላረጋገጥንም። ዓለም እጅግ ጠባብና የጋለች የነበረችበት ዘመን ብርሃን እስከ ዛሬ ይደርሰናል፤ እሱን እንለካለን። ከዚያ ወዲያ ምን እንደ ነበረ አላውቅም። ማመንና አለማመን የራስሽ ጉዳይ ነው፤ የእኛን ሥራ ግን ላላየው ነገር ምስክር አድርገሽ አትጥሪው።»

አጨብጫቢ አልነበረም። አዘጋጁ ሙዚቃ አስነሣ።

አጎት አስላክ ስልኩ ጠቁሮ እንኳ ይመለከቱት ነበር። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ፤ «ከእኛ ወገን ናት። ትናገር። ኮሚቴውን እኔ አነጋግራለሁ።»

እኔ ደስ አለኝ። ነገሩ አለቀ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ወይዘሮ ሄርዲስ ግን የፔርሙዙን ክዳን ከአጎት አስላክ እጅ ወስደው ገጠሙትና አጠበቁት።

«አይሆንም» አሉ።

«ምን አይሆንም? ትናገር አልኩሽ እኮ።»

«ስላስደሰተችህ ከሆነ አትናገር። ይህን ስልክ ባታይ ኖሮ አባቷን ሳትሸኝ ልትመለስ ነበር። ነገ ደግሞ የሌላው ሰው ልጅ አንተን የማያስደስት ቃል ይናገራል፤ ያን ጊዜስ? እግዚአብሔር የለም ብላ ቢሆን ኖሮ የሲቨርት ልጅ መሆኗ ይቀራል?»

«ይህ የጸሎት ቤት ነው፣ ሄርዲስ።»

«አዎን፤ ቄሱ የወደደው ብቻ እንዲናገርበት ነው የተሠራው? አሁን አንተው ነገርከን እኮ። አያቶችህ የታሰሩት፣ ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚል አንድ ሰው በዚህ ደሴት እንዳይኖር ነው። አንተ አሁን ምን ሆነሃል? እኔ ልንገርህ፤ ካባ የሌለው ቄስ ሆነሃል።»

ይህ ቃል እንዴት እንደ ወደቀባቸው ለመግለጽ ይቸግረኛል። አጎት አስላክ ብዙ ስድብ ችለዋል፤ በባሕር ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ይህ ግን ከአያታቸው አፍ የመጣ ያህል መታቸው። ወደ ግድግዳው ዞሩ። መሰላሉን ሳይወጡ፣ በቁመታቸው ልክ ያለውን ቀለም መፋቅ ጀመሩ። ክርር፤ ክርር።

«ለስቱርላ ቃል ሰጥቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሕዝቡም እሱን ሊያይ ነው የሚመጣው። ከዋናው ምድር ሳይቀር ይመጣሉ። ሲቨርት እንዲህ ያለ ቀብር ይገባዋል ብዬ ነው። ቤቱ እንዲሞላለት።»

«አስላክ፣ ሲቨርት በዚህ ቤት ሁልጊዜ የሚቀመጠው የት ነበር?»

«ከምድጃው አጠገብ፤ በር ዘንድ።»

«ሰው እንዳያየው። ታዲያ ለማን ነው ቤቱን የምትሞላው?»

አጎት አስላክ መፋቂያውን በመሰላሉ ደረጃ ላይ አኖሩት፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው የቀለሙን ልጣጭ አራገፉ።

«ልጄ፣ ኢንጉን በአባቷ ቤት ናት?»

«ናት፤ ጠዋት መብራት አይቻለሁ።»

«ተሳስቻለሁ ብዬ ልንገራት። ምንም ብታምን፣ ምንም ባታምን፣ አትሮንሱ የእሷ ነው። ለስቱርላም ራሴ እነግረዋለሁ። በሰው አልልክም።» ወደ ወይዘሮ ሄርዲስ ዞሩና፣ «አንቺ ደግሞ ዋፍሉን አብዢ። ምላስሽ ሥራ ያስፈታሻል» አሉ።

«ምላሴ ባይኖር አንተ እስከ ዓርብ ግድግዳውን በስተህ ትወጣ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሄርዲስ።

አጎት አስላክ ዳገቱን ወረዱ። በሲቨርት ቤት ሁለቱ ምን እንደ ተባባሉ አላውቅም፤ አልጠየቅኩምም።

ከዚያ ወዲህ በደሴታችን ምን እንደ ተለወጠ አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው ከክርክር ምን ይገኛል እያለ ይጠይቃልና። በጸሎት ቤታችን ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ ሲመሰክር እንደ ዱሮው ይሰማል፤ በልቡ ላይ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ሐኪሞች እንዲህ አሉ፣ ሳይንቲስቶች እንዲያ አሉ ብሎ ከጀመረ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው፣ «ከማን ሰማህ?» ይለዋል። ብዙውን ጊዜ ጠያቂው አጎት አስላክ ናቸው። በዚህ የተነሣ ስንት ከንቱ ወሬ ከበሩ እንደ ተመለሰ ያየሁት እኔ ነኝ። ኢንጉን በክረምቱ ተጋብዛ መጣችና ስለ ሥራዋ ነገረችን። ሽማግሌዎቹ ያን የጋለ ዘመን ማን አመጣው ብለው ጠየቋት፤ «አላውቅም» አለች። አጎት አስላክ፣ «እኛ መልስ አለን፤ መሣሪያ ነው የሌለን» አሏት፤ እሷም፣ «እኔ መሣሪያ አለኝ፤ መልስ ነው ያጣሁት» አለች፤ ተሳሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ከጸሎት የቀረ ሰው የለም፤ እምነታችንም አልቀነሰም። ልጆቻችን ደግሞ ሰማይን ለማጥናት ቤታቸውን መካድ እንደሌለባቸው አወቁ። በትምህርት ቤቱ የስቱርላ ምስል አሁንም አለ፤ ሯጭ ነውና ይገባዋል። ስለ ከዋክብት የሚጠይቅ ልጅ ግን ወደ ምስሉ አይላክም።

ይህ ሁሉ የተጀመረው በዚያ ዓርብ ነው።

ሰዉ አጎት አስላክ እንደ ጠበቁት በዛ። ብዙዎቹ ሲቨርትን በሕይወቱ አይተውት አያውቁም። ስቱርላ ጥቁር ልብስ ለብሶ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጧል፤ ከዋናው ምድር የመጡት አንገታቸውን እያሰገጉ ያዩታል። አጎት አስላክ በመቃብሩ በር ላይ ነግረውት ነበር፤ እሱም እንደ ልማዱ ስቆ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ «ምንም አይደል፣ ሽማግሌው» ብሏቸዋል። ሊናገረው የጻፈውን ወረቀት ግን ገና በእጁ ይዞት ነበር።

ዋፍሉ ተበላ፤ ቡናው ተጠጣ። አጎት አስላክ ተነሡ።

«ኮሚቴው የሲቨርት ልጅ እንዳትናገር ወስኖ ነበር። ውሳኔው የእኔ ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ይህ ቤት ማንም ተነሥቶ እንዲናገር የተሠራ ነው። እኔ በሩን ልዘጋ ነበር። ኢንጉን፣ ነይ።»

ኢንጉን መጣች። ቀጭን፣ ሽበት የጀመራት ሴት ነች። ወረቀት አልያዘችም። አትሮንሱን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ቆየችና፣ አባቷ በሕመሙ አልጋ ሆኖ ያን የቴሌቪዥን ፕሮግራም እንዳየ፣ ከዚያም እንደ ደወለላት ነገረችን።

«ስለ ሰማዩ ያልሽው አልገባኝም አለኝ። የማታውቂውን አላውቅም ስትዪ ግን ሰማሁሽ፤ ይህ ይበቃኛል አለኝ። ስቱርላን እንዳልቀየመው ለመነኝ። አባቴ፣ ለስቱርላም ደውዬ ነበር፤ አላነሣም፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ ስታገኚው አልተቀየምኩህም ብሏል በዪው አለኝ። ስለዚህ እየነገርኩህ ነው፣ ስቱርላ።»

ቆም አለች። ከዚያ ስለ አባቷ መናገር ቀጠለች። ማለዳ ቤቱ እስኪሞቅ ብቻውን እዚህ ይቀመጥ እንደ ነበር፣ እሷንም ሕፃን ሳለች ይዟት እየመጣ በጨለማው መስኮት ከዋክብትን ያሳያት እንደ ነበር፣ ስማቸውን ስለማያውቅ የጎረቤቶቹን ስም ያወጣላቸው እንደ ነበር ነገረችን። አንዱ ኮከብ አስላክ ይባል ነበር፤ ዘግይቶ የሚወጣው። ሕዝቡ በእንባው ውስጥ ሳቀ። አጎት አስላክ ራሳቸውን አቀረቀሩ።

ያን ጊዜ ስቱርላ ከፊተኛው ወንበር ተነሣ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ፣ ሊያዩት በመጡት ሰዎች አጠገብ አለፈ። አንድ ሰው እንኳ አንገቱን አላዞረም፤ ሁሉም ኢንጉንን ይሰማ ነበር። እሱም አንድ ቃል ሳይናገር በሩን ከፍቶ ወጣ።